የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ምልመላና የቲፎዞ አነጋገር በአሜሪካ ኮሌጆች

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ ምሳሌ ከሚስማማቸው ሰዎች መካከል የስፖርት ቲፎዞዎችን በመጀመሪያው ረድፍ ብናስቀምጣቸው አንሳሳትም። ቲፎዞ ቡድኑን ከመውደዱ የተነሣ የሚናገረውን አይመዝንም፤ ዛሬ አንበሳ ያለውን ነገ ከዳተኛ ይለዋል። ይህ ጠባይ እጅግ ጐልቶ ከሚታይባቸው ነገሮች አንዱ በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚደረገው የተጫዋቾች ምልመላ ነው። በዚያ አገር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ገና ያልጨረሰ ልጅ ወደ የትኛው ኮሌጅ እንደሚሄድ፣ ቀርበው አነጋግረውት የማያውቁ ጐልማሶች ወራት ሙሉ ይከራከራሉ። እኔም በዕድሜ የእነዚህ ልጆች እኩያ፣ በዚህ ዓመትም ትምህርቴን የምጨርስ ስለ ሆንሁ፣ ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ለመመርመር ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

የቅርጫት ኳስ ሲወለድ ምልመላ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1891 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ እኛ ወወክማ የምንለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል የካናዳ ተወላጅ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ከብርዱ የተነሣ ደጅ ወጥተው መጫወት ስላልቻሉ ተሰላችተው ነበር። እሱም ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ግራና ቀኝ ከፍ አድርጎ አሰቀለና 13 ደንቦች ጻፈላቸው። በክፍሉ የነበሩት ተማሪዎች 18 ስለ ነበሩ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው ተጋጠሙ። የተጫወተው በክፍሉ የተገኘው ተማሪ ሁሉ ነው እንጂ ከሌላ ስፍራ ተለምኖ የመጣ አንድ ስንኳ አልነበረም። ናይስሚዝ በ1898 ወደ ካንሳስ ዩኒቨርስቲ ሄዶ የዚያን ቡድን አሠለጠነ። የሚያስገርመው ነገር ቡድኑ ካሸነፈበት ጊዜ ይልቅ የተሸነፈበት ይበልጣል። በዚያ ዩኒቨርስቲ የቅርጫት ኳስ ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ያስመዘገበው አሠልጣኝ የጨዋታው ፈጣሪ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ኮሌጆች እርስ በርሳቸው መጋጠም፣ ተመልካቹም እየከፈለ መግባት ስለ ጀመረ፣ ማሸነፍ የኮሌጁ ክብርና የገቢው ምንጭ ሆነ። ያለውን ተማሪ ማሠልጠን አልበቃ ብሎ ረጅምና ፈጣን ልጅ ከሩቅ አገር መፈለግ ተጀመረ። በ1929 የካርኔጊ ፋውንዴሽን ከመቶ የሚበልጡ ኮሌጆችን የስፖርት አያያዝ አስመርምሮ ባወጣው መግለጫ፣ አብዛኞቹ ኮሌጆች ተጫዋቾችን በልዩ ልዩ ጥቅም እየሳቡ እንደሚወስዱ አስታወቀ። ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበርም በ1948 ይህን የሚገታ ጥብቅ ደንብ አወጣ። ይሁን እንጂ ደንቡን የሚያከብር ስለ ጠፋ በ1951 ተሻረ። በመጨረሻም በ1956 ኮሌጆች በስፖርት ችሎታ ብቻ ነጻ የትምህርት ዕድል እንዲሰጡ ተፈቀደ። ምልመላ በስውር ይደረግ የነበረው ቀርቶ የታወቀ ሥራ የሆነው እንዲህ ነው። ሥራው በይፋ ሲሠራ ወሬውም አብሮት ወደ አደባባይ ወጣ።

ቲፎዞ በአንድ ልጅ ላይ የሚጭነው ሸክም ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የዊልት ቼምበርሊን ታሪክ ያስረዳል። ቼምበርሊን በ1955 በፊላዴልፊያ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር በላይ ነበር። ከ200 የሚበልጡ ኮሌጆች ፈለጉት። በመጨረሻ የናይስሚዝ ተማሪ የነበረው አሠልጣኝ ፎግ አለን ወደ ካንሳስ ወሰደው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን መጫወት በዚያን ጊዜ ክልክል ስለ ነበረ፣ ቼምበርሊን ከአንደኛ ዓመት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ዋናውን ቡድን ገጠመና 81 ለ71 አሸነፉ። ከዚህም ውስጥ 42 ነጥብ ያገባ እሱ ብቻውን ነበር። ይህን ያየ ሁሉ የሚመጡትን ዋንጫዎች እጁ እንደ ገቡ ቈጠራቸው። አለን ግን 70 ዓመት ስለ ሞላው በ1956 በጡረታ ተሰናበተና የመለመለውን ልጅ በዋናው ቡድን ውስጥ ሳያሠለጥነው ቀረ። በ1957 በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያም ካንሳስ ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ከተጫወተ በኋላ በሰሜን ካሮላይና በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 54 ለ53 ተሸነፈ። ቼምበርሊን በዓመቱ ከኮሌጁ ወጣ። በኋላም ከዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሲሆን፣ የካንሳስ ሰዎች እንዳዘኑበት ናቸው ብሎ እያሰበ ለብዙ ዘመን ከዚያ ስፍራ ርቆ ኖረ። በ1998፣ በ61 ዓመቱ፣ ለክብሩ በተዘጋጀ በዓል ላይ ተመልሶ በተገኘ ጊዜ ግን ሕዝቡ በታላቅ ጭብጨባ ተቀበለው። በ20 ዓመት ወጣት ላይ የተጫነ ተስፋ አርባ ዓመት ሙሉ አልወረደለትም ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን ማንም ያልፈለገው ሌላ ልጅ ነበረ። ይኸውም በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ ያደገው ቢል ረስል ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል የሰጠው ኮሌጅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኢየሱሳውያን የሚያስተዳድሩት የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርስቲ ነው። ስለ ረስል ምልመላ የተከራከረ ቲፎዞ አልነበረም። እሱ ግን ቡድኑን በ1955 እና በ1956 በተከታታይ የአገሩ ሻምፒዮን አደረገ። በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳይ አገኘ፤ ከዚያም በቦስተን የባለሙያዎች ቡድን ውስጥ በ13 ዓመት 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱን ታሪኮች ጐን ለጐን ያየ ሰው፣ የ18 ዓመት ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ዛሬ በርግጥ መናገር አስቸጋሪ መሆኑን ይገነዘባል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የፔሪ ዋላስ ታሪክ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ደቡብ የሚገኙ ብዙ ኮሌጆች ጥቁር ተጫዋች አይመለምሉም ነበር። ዋላስ በ1966 በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት የግዛቱን ዋንጫ ወሰደ። ብዙ ኮሌጆች ቢፈልጉትም፣ ምሕንድስና ለመማር ብሎ በዚያው በተወለደበት ከተማ የሚገኘውን ቫንደርቢልት ዩኒቨርስቲን መረጠ። በደቡብ ምሥራቅ ኮሌጆች ማኅበር በዋናው ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር የቅርጫት ኳስ ተጫዋችም ሆነ። በሚሲሲፒና በሌሎችም ስፍራዎች ሲጫወት ተመልካቹ የስድብ መዓት ያወርድበት ነበር። በ1970 ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል በገዛ ኮሌጁ ውስጥ የደረሰበትን ብቸኝነት ለጋዜጣ በግልጽ ተናገረ። በዚህ ጊዜ ሲያጨበጭቡለት ከነበሩት ብዙዎቹ ውለታ ቢስ አሉት። ነጥብ ሲያገባ «የኛ ልጅ» ነበረ፤ እውነት ሲናገር ግን ባዕድ ሆነ። ዋላስ ለስድቡ ስድብ አልመለሰም። ሕግ ተምሮ የዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ቫንደርቢልትም በ2004 የማልያውን ቍጥር ለክብሩ ሲል ማንም እንዳይለብሰው አደረገ። በ2017 ዐረፈ።

ዛሬ የምልመላው ወሬ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ሆኖአል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንደ ሆቴል በኮከብ ይመደባሉ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ባለ አምስት ኮከብ ይባላል። ልጁ ኮሌጁን የሚያስታውቅበት ቀን ሲደርስ የየኮሌጁ ባርኔጣ ጠረጴዛ ላይ ይደረደርለታል፤ አንዱን አንሥቶ ሲደፋ ግማሹ አገር እልል ይላል፣ ግማሹ ያዝናል። ቲፎዞዎቹ «አገኘነው፣ አጣነው፣ ነጠቁን» ይላሉ። ገና አንድ ቀን ባልተጫወተ ልጅ ስለሚመጣው ዋንጫ ሲፎክሩ ለሚሰማ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ትዝ ይለዋል። ስቴፈን ኬሪ ቀጭንና አጭር ነው ተብሎ ትላልቆቹ ኮሌጆች ስላለፉት በ2006 ዴቪድሰን ወደሚባል ትንሽ ኮሌጅ ገባ። በ2008 ያንን ኮሌጅ በአገሩ ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች ድረስ አደረሰው።

የገንዘቡም ነገር ተለውጦአል። በ2017 የፌዴራል መርማሪዎች በምልመላ ጉቦ ጠርጥረው አራት ረዳት አሠልጣኞችንና ሌሎች ሰዎችን ያዙ። ከ2021 ጀምሮ ግን ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው መክፈል ጀመሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ በልዩ ልዩ ስፖርት ላሉት ሁሉ በአንድ ኮሌጅ 20 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ነበር። ስለዚህ ዛሬ ኮሌጅ የሚለውጠውን ልጅ ቲፎዞው «ተገዛ» ይለዋል። በሚሊዮን የሚከፈለው አሠልጣኝ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ግን «ዕድገት አገኘ» የሚለው ብዙ ነው። አንዱን ሥራ ትልቁ ሲሠራው ዕድገት፣ ትንሹ ሲሠራው ክዳት ማለት ከፍርድ የራቀ ነው።

እርግጥ ምልመላ ክፉ ነገር ብቻ አላመጣም። መማሪያ ገንዘብ ላልነበራቸው ብዙ ልጆች የዩኒቨርስቲ በር የተከፈተው በዚህ መንገድ ነው። የቲፎዞውም ወሬ ሁልጊዜ አይሳሳትም። በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የተባለው ሉ አልሲንዶር በ1965 ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርስቲ ሲሄድ ብዙ ተወርቶለት ነበር፤ እሱም በ1967፣ በ1968 እና በ1969 ሻምፒዮን በመሆን ወሬውን እውነት አደረገው። ደግሞም የቲፎዞ ጩኸት መነሻው ፍቅር ነው። ጥፋቱ መውደዱ አይደለም፤ የወደደውን ልጅ እንደ ንብረቱ መቍጠሩ ነው።

ይህን ስጽፍ ራሴን ከፍርድ ነጻ አላደርግም። ባለፈው ዓመት ከክፍላችን ቡድን ጐበዝ የነበረ አንድ ጓደኛችን፣ ወላጆቹ ወደ ሌላ ከተማ ስለ ተዛወሩ ትምህርት ቤት ለወጠ። በኋላ በእንግድነት መጥቶ በሜዳችን ሲጫወትብን «ከዳተኛ!» ብለን ጮኽንበት፤ ከጮኹትም አንዱ እኔ ነበርሁ። ጨዋታው እንዳለቀ ወደ እኔ መጥቶ አስቀድሞ የጠየቀኝ ታማ የነበረችውን የናቴን ጤንነት ነበር። ያን ቀን ያፈርሁትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

እንግዲህ እኛ ዘንድሮ የምንጨርስ ተማሪዎች በቅርቡ ወደ ልዩ ልዩ ስፍራ እንበተናለን። አንዱ ዩኒቨርስቲ ይገባል፣ አንዱ ሥራ ይይዛል፣ አንዱም ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ተስፋ ያደርጉብናል፤ ይህም ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን ተስፋ የሚያደርግብን ሰው መንገዳችንን የመረጥነው እኛ መሆናችንን እንዲያስታውስልን እንለምናለን። እኛም በበኩላችን በሜዳው ዳር ቆመን ስንጮኽ፣ ማልያውን የለበሰው የሰው ልጅ መሆኑን አንርሳ።