ከግሸን መልስ ሁለት ሕፃናት

በጣቁሳ ወረዳ የምትገኘው ደልጊ የጣና ወደብ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ ዘጌንና ቁንዝላን አልፎ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ ይደርስባታል። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ስለ ጽድቅ ሲወራ አስቀድሞ የሚነሳው የገዳማቱ ነገር ነው፤ ጾሙ፣ ስግደቱ፣ ዓለምን ንቆ መመነኑ።

ነገር ግን ጣና ዳር የመነኑት ሁሉ የለመኑት ለራሳቸው ነፍስ ብቻ አልነበረም። በጓንጉት ገዳም የምትታሰበውን ቅድስት ክርስቶስ ሠምራን እንውሰድ። ገድሏ እንደሚተርከው የቡልጋ ተወላጅ፣ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ቤቷን ትታ መንና በጣና ውሃ ውስጥ ቆማ ጸለየች። የሰው ልጅ እንዳይጠፋ ብላ ዲያብሎስ እንኳ ከፈጣሪው እንዲታረቅ ለመነች። በየዓመቱ ነሐሴ 24 ቀን የሚነግሠው ታቦቷ የሚያስታውሰው ይህንን ለሌላው መማለድ ነው።

ታዲያ ያ “ሌላው” መንገድ ላይ ወድቆ ሲገኝስ?

ይህ ጥያቄ የገጠማቸው ሌላዋ የሰሜን ሸዋ ሴት ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ሲዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ እዚያም ሥራ ይዘው፣ ትዳር መሥርተው ይኖሩ ነበር። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ወጡ። አገሩን ረሃብ መትቶታል። በኋላ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ የሞተች እናቱን ጡት የሚጠባ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ። ሲመለሱም ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ነበር።

በአንድ ዓመት ውስጥ ቤታቸው የተጠለሉት ልጆች 21 ደረሱ። ዘመድ አበደች አለ። ከልጆቹና ከትዳራቸው አንዱን መምረጥ ሲገባቸው ልጆቹን መረጡ። ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደጓቸው። ያቺ ጠባብ መጠለያ ውላ አድራ ስማቸውን የያዘ ትልቅ ድርጅት ሆነች። “እዳዬ” ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ የሸኛቸው ሕዝብ የሚያውቃቸው እንደ እናት ነበር።

“መንግሥት የት ሄዶ ነው ግለሰብ ይህን የሚሸከመው?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። የ1965ቱን የወሎ ረሃብ የዘውዱ መንግሥት ለመሸፈን ሲሞክር ስንቱ አለቀ! ድርቁ ከሰማይ ቢመጣም ዝምታው የሰው ሥራ ነበር። የአንዲት ሴት ርኅራኄ የመንግሥትን ግዴታ አይተካም። ነገር ግን ግሸን መንገድ ላይ የነበረው ሕፃን ክርክሩ እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ዕድሜ አልነበረውም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 የተነገረው የፍርድ ቀን ጥያቄም የተራበውን፣ የተጠማውን፣ እንግዳውን፣ የታረዘውን፣ የታመመውንና የታሰረውን የሚመለከት ነው። ስንት ገዳም ተሳለምክ የሚል እዚያ የለም። ይህ መሳለምን አያቃልልም፤ ወይዘሮ አበበችን እዚያ መንገድ ላይ ያደረሳቸው መሳለም ነውና። ልዩነቱ ስለታቸውን አድርሰው ያዩትን እንዳላዩ ሆነው አለመመለሳቸው ነው።

ዛሬም በአማራ ክልል ከቀዬው ተፈናቅሎ የሰው እጅ የሚጠብቅ ወገን ሞልቷል። ጽዋ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም በየአጥቢያው አለ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ድሃም በደጅ ይበላል። የአባቶች ሥርዓት ይህ ነው። ከሚቀጥለው ጽዋ አስቀድሞ ማኅበርተኞቹ አንድ ነገር ቢጠያየቁ መልካም ነው፦ በሰፈራችን ተጠልሎ ያለው ተፈናቃይ ማን ነው? ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል? ዛሬ ማታስ ምን ይበላሉ?