የሊዝ ቦታ ስንገዛ ምን እየገዛን ነው?

በመካነ ሰላም፣ በአቀስታና በአካባቢው ከተሞች ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን በላኩት ገንዘብ ቦታ መግዛት የተለመደ ነው። ሆኖም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገዢው የሚያገኘው ቤቱንና የሊዝ መብቱን ነው፤ ለመኖሪያ ዘመኑ 99 ዓመት ሲሆን ሻጩ የተጠቀመበት ይቀነሳል።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከባዶ ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ግንባታው ግማሽ ያልደረሰ ሊዝ፣ ከውርስ በቀር፣ የሚተላለፈው በሚመለከተው አካል ክትትል በሚካሄድ ግልጽ ሽያጭ ነው። ሻጩ የከፈለውን ሊዝ ከነባንክ ወለዱ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከመተላለፊያው የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ይወስዳል፤ ቀሪው የመንግሥት ነው። «ለጊዜው ውክልና ልስጥህ፣ ስሙ በኋላ ይዞራል» የሚባለው ይህን ለመሸሽ ነው። ውክልና ደግሞ ይሻራል፤ ወካዩ ሲሞትም ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ይፋጠጣል።

ለእኛ ለሙስሊሞች ከባዱ ወለዱ ነው። ባልተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ላይ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የማበደሪያ ምጣኔ ወለድ ይታሰባል። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት ቀሪ ዕዳውን ከከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንጠይቅ፤ ሻጩ ዕዳውን ዘግቶ እንዲያስረክብ ውሉ ላይ ይግባ ብለን እንመክራለን።

ውሉም በሽማግሌ ፊርማ ብቻ አይበቃም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። ገንዘቡን የላከችው እህት ከሆነች ካርታው በእሷ ስም ይውጣ።