የፈተና ውጤት ከሰሌዳ ወደ ድር

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ የብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚታወቀው ከአዲስ አበባ የተላከው ዝርዝር ትምህርት ቤት ሲደርስና ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ የነበረበትን ዘመን አብዛኞቹ ነባር መምህራን ያስታውሳሉ። ዛሬ ተማሪው የመለያ ቁጥሩንና ስሙን ጽፎ መልሱን ከድረ ገጽ ያገኛል። ለውጡ ግን ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው።

ድር እ.ኤ.አ. በ1989 ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ተቋም ያቀረበው ሐሳብ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የሚነበቡ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 አገልጋዩ ኮምፒዩተር ከአንባቢው የተላከውን ቃል ለሌላ ፕሮግራም የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲህ ገጹ እንደ ጥያቄው በዚያው ቅጽበት የሚጻፍ ሆነ፤ የድር አፕሊኬሽን የሚባለውም ይኸው ነው። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። (የቁጥሩ መመሳሰል አያሳስት፤ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩ ነው።)

በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት ልዩነቱን በጉልህ ያሳያል። የፕላዝማው መምህር ይናገራል እንጂ አይሰማም፤ ተማሪው ጽፎ ሳይጨርስ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የድር አፕሊኬሽን በአንጻሩ ሳይጠየቅ አይመልስም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በስልኩ ላይ ያለው ማሰሻ ቁጥሩንና ስሙን ወደ አገልጋዩ ይልካል፤ በዚያ ያለው ፕሮግራም የመረጃ ቋቱን ይጠይቃል፤ ሁለቱ የሚገጥሙበትን መዝገብ ሲያገኝ ገጹን አዘጋጅቶ ይመልሳል። ቁጥር ብቻ ቢበቃ ኖሮ ማንም ሰው ተከታዩን ቁጥር ጽፎ የጓደኛውን ውጤት ባየ ነበር። ችግሩ ታዲያ ከስሙ ላይ ነው። ሸምሱ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ መዝጋቢ በ«ኢ»፣ ሌላው በ«ኤ» ይጽፈዋል። ለኮምፒዩተሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ልጁ የተመዘገበበትን አጻጻፍ ካላወቀ መልሱ «አልተገኘም» ይሆናል።

ውጤት በሚለቀቅበት ሰዓት በመላ አገሪቱ ያለ ተማሪ አንዱን አገልጋይ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ገጹ ይዘገያል፤ ውጤቱ በአጭር የስልክ መልእክትና በቴሌግራም ጭምር መሰጠቱም ጫናውን ይከፋፍላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ ፈተናውን ራሱን በኮምፒዩተር ወሰዱ። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው የልጁ የመጻፊያ ሰሌዳ ልምድና የመብራቱ አለመቋረጥ ጭምር ነው። በእኔ አስተያየት ፕላን አውጪዎች ከኮምፒዩተሩ ግዥ አስቀድመው የምዝገባውን ቀን ቢያስቡበት ይሻላል፤ እያንዳንዱ ተማሪ የስሙን የላቲን አጻጻፍ በዓይኑ አይቶ እንዲፈርምበት ማድረግ ከአንድ የክፍለ ጊዜ ሥራ አይበልጥም።