ከኢያጎ እስከ አስናቀ

የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንኩ የባልና የሚስት፣ የአከራይና የተከራይ፣ የወንድማማቾች ጠብ ሲሸመገል አብሬ እቀመጣለሁ። ድሮ ነገሩን በተረት የሚከፍቱት ሽማግሌዎቹ ነበሩ። «ሰው ለሰው» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ ግን ባለጉዳዮቹ ራሳቸው ሌላ ዓይነት ምሳሌ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዱ በውርስ ቤት የተጣላውን ወንድሙን በድራማው ተንኮለኛ ስም «አስናቀ ሆነብኝ» ብሎ ከሰሰ። ከሽማግሌዎቹ መካከል «አስናቀ ማነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወንድምየው ፊቱ ቢለዋወጥም ስድብ አልመለሰም። «እኔ ነኝ አስናቀ?» አለና ሰነዱ በማን እጅ እንደነበር፣ ግብሩን ማን ይከፍል እንደነበር አንድ በአንድ ማስረዳት ያዘ። ያ ስም ባይኖር ኖሮ «ሌባ» ወይም «ከሃዲ» የሚል ቃል ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ደግሞ ይቅርታ ቢጠየቅበትም ቂሙ አይሽርም።

ጡረታ እስክወጣ አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሠፈሩም እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የሚለኝ። ከድራማ የተሰማ ቃል በየቤቱ ሲነገር ብዙዎች የሥራ ፈት ወሬ አድርገው ሲያልፉት አያለሁ፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰው በገዛ አፉ ሊለው የፈራውን ወይም ያፈረበትን ነገር አንድ ገጸ ባሕርይ እንዲልለት ያደርጋል። ይህ ልማድ ደግሞ ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነው።

የአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። በ1910ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ቴራስ በሚባለው ሆቴል ታየ። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ፣ የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን የእንስሳት ተረቶች መነሻ አድርገው የአስተዳደሩን ብልሹነት ሊነቅፉ ነበር ያሰቡት። በአዳራሹ የተቀመጡት መኳንንት ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቴአትር አይተው አያውቁም። ቢሆንም የመድረኩ አውሬ የትኛው ሹም እንደሆነ ለመለየት አስረጂ አላስፈለጋቸውም፤ በተረት ያደጉ ሰዎች ናቸው። ወሬው ለንግሥት ዘውዲቱ ደረሰ፣ ተውኔቱም ታገደ፤ ቴአትር እንደገና ነፍስ የዘራው ከእሳቸው ዘመን በኋላ ነው። የቴአትራችን ታሪክ ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሣው እገዳው ነው። እኔ ግን የምደነቀው በተመልካቹ ነው። የመድረኩን ነገር ወደ ራሱ ዘመንና ወደ ራሱ ጎረቤት ማምጣትን ማንም ሳያስተምረው በመጀመሪያው ቀን አደረገው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል። በ1927 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» ገና ርእሱ ሲጠራ ሰው ፈገግ ይላል። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሀሁ በስድስት ወር» በ1966ቱ ግርግር መካከል መጥቶ፣ ችኮላ የበዛበትን ነገር ሁሉ መጥሪያ ሆኖ ሲያገለግል ሰምቻለሁ።

ከሁሉ የቆየብኝ ግን ኢያጎ ነው። ጸጋዬ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» ወደ አማርኛ መልሶት ነበርና በብሔራዊ ቴአትር ሲታይ ወጋየሁ ንጋቱ ወዳጅ መስሎ የሚያጠፋውን ኢያጎን ሆኖ ተጫወተ። ሼክስፒር የየት አገር ሰው እንደሆነ የማያውቅ ሁሉ ኢያጎን አወቀው። እኔ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ መምህርት ነበርኩ። በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን የሰው ንግግር እየለቀመ ለአለቆች የሚያደርስ አንድ ባልደረባ ነበረን። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አንድን ሰው «ጆሮ ጠቢ» ብሎ በግልጽ መጥራት ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሻይ እየጠጣን ሳለ እሱ ወደ በሩ ሲቃረብ አንዲት የታሪክ መምህርት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኢያጎ» ትላለች፣ ወሬው ወደ ፈተና እርማት ይዞራል። እሱ ራሱ ስሙን ቢሰማ ስለ ቴአትር የምናወራ ነው የሚመስለው። ተመልካች በዚያ ዘመን ቴአትር ቤት ገብቶ የሚገዛው የአንድ ቀን መዝናኛ ብቻ አልነበረም። ለወራት የሚጠብቀው ቃል ይዞ ይወጣ ነበር። ሳንሱር ጽሑፉን ቆርጦ ሊያስቀር ይችላል፤ ተመልካቹ ቃሉን ቤቱ ወስዶ የሚያደርግበትን ግን ሊቆርጥ አልቻለም።

ቴአትር ቤት መግባት የሚችለው የአዲስ አበባ ሰው ነበር። ለክፍለ ሀገሩ ይህን ያደረገለት ራዲዮ ነው። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ፤ አብዛኛው ሕዝብ ግን መጽሐፉን ያነበበው በጆሮው ነው፣ ይኸው ወጋየሁ በራዲዮ ሲተርከው። ደብረ ማርቆስ ያለችው እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ትረካው ሊጀምር ሲል ሞሰቡ ተነሥቶ፣ እጅ ተታጥቦ፣ ልጅ ሁሉ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ድንጋዩ እንዳያልቅ ሲባል ራዲዮኑ ቀኑን ሙሉ አይከፈትም። ታላቅ ወንድሜ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቶ ስለ ገባር፣ ስለ ባላባት፣ ስለ ድግስ ብክነት ሲናገር እናቴ «ደግሞ ጉዱ ካሳዬ ጀመረው» ትለዋለች። በልብ ወለዱ ውስጥ ካሳን «ጉዱ» ያሉት እውነቱን መስማት ያልፈለጉ ሰዎች ናቸው። እናቴ ግን በዚያ ስም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተናገረችበት፦ «እውነትህን ነው፣ እኔ ግን እፈራልሃለሁ»። ልጅዋን ፊት ለፊት «ትክክል ነህ» ብትለው ወደ ጥፋት የገፋችው ይመስላታል፤ «ዝም በል» ብትለው ደግሞ ታዋርደዋለች። ጉዱ ካሳ ከሁለቱም አወጣት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ለብዙ ዓመታት ግን መሣሪያው የጥቂት ቤቶች ነበር። እኔ መጀመሪያ በተከራየሁበት ግቢ ቴሌቪዥን የነበራቸው አከራያችን ብቻ ናቸው። እሁድ ሲደርስ ግቢው በሙሉ ይገባል፤ ልጆች ምንጣፉ ላይ፣ ትልልቆች ሶፋው ላይ፣ የቀረው በሩ ላይ ቆሞ። ስለ ድራማ ቃላት ስናስብ ይህን አቀማመጥ መርሳት የለብንም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሰው አብሮ የሰማው ቃል ወዲያው የሃያ ሰው ንብረት ነው። በማግሥቱ በውኃ ቦኖ ሰልፍ ላይ አንዷ ግማሹን ስትጀምር ሌላዋ ትጨርሰዋለች። ጣቢያው አንድ ብቻ ስለነበረም እኛ ያየነውን ጅማም ደሴም አይቶታል።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአዳነች ወልደ ገብርኤል «ገመና» ሲመጣ፣ ረጅም ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ የመጠበቅ ልማድ በየቤቱ ገባ። ከዚያ የመስፍን ጌታቸው «ሰው ለሰው» ተከተለ፤ አበበ ባልቻም አስናቀን ሆኖ መጣ። ሀብታም ነው፣ ተንኮለኛ ነው፣ በሰው ቤት ገብቶ ቤት የሚያፈርስ ነው። በኢያጎ ቦታ የተቀመጠ እሱ ይመስለኛል። ልጆቼ የኢያጎን ስም አያውቁትም፤ አስናቀን ግን ያውቁታል፣ ለተመሳሳይ ሰውም ይሰጡታል። አበበ ባልቻን የሚያህል የተከበረ ተዋናይ ክፉውን ሰው ያን ያህል አሳምኖ መሥራቱ ለሠፈራችን ሽምግልና የዋለው ውለታ ቀላል አይደለም፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

አንድ የራዲዮ ድራማ ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 በኢትዮጵያ ራዲዮ በ257 ክፍሎች ተላልፏል። ይህ ከመነሻው ሰው ከራሱ ሕይወት ጋር እንዲያገናኘው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ኤችአይቪ በየቤቱ በገባበት፣ ስሙ ግን በማይጠራበት ጊዜ። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጻፉ። ተማሪዎቼ የድራማውን ገጸ ባሕርይ ፍቅርተን እንደ ታላቅ እኅታቸው ነበር የሚያነሷት። በዚያ ዘመን እድራችን የቀበራቸውን ወጣቶች ስም ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በለቅሶው ላይ «በሳንባ ነው» ከመባል በቀር ሌላ አይነገርም። አንዲት እናት ግን፣ ልጅዋ ሕመሟን የነገረቻት ሁለቱም ያን ድራማ እየሰሙ ሳለ እንደነበር አጫውታኛለች። ልጅቷ ስለ ራሷ አልጀመረችም፤ ስለ ድራማው ሰው ጀምራ ወደ ራሷ መጣች። ምክር ሰጪ ነኝ ብሎ የሚነሣ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሰለቸኛል፤ ይህኛው አልሰለቸኝም።

በ2008 ቃና ቴሌቪዥን ተከፍቶ የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ መጡ። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃውሟቸውን አሰሙ፤ ተመልካቹ ግን አየ፣ እኔም አየሁ። ታሪኮቹ ይይዛሉ። ነገር ግን በሽምግልና ተቀምጬ ከእነዚያ ድራማዎች አንድ ቃል ሲጠቀስ ሰምቼ አላውቅም። ትርጉሙ የሚለካው ከተዋናዩ ከንፈር ጋር እንዲገጥም ነው። ለሌላ ሰው ከንፈር የተቆረጠ አማርኛ ደግሞ በእኛ አፍ አይመችም፤ ትንፋሹ የእኛ አይደለም። ስሞቹንም ቢሆን በሴቶች ልጆቻችን ፀጉር አሠራር ላይ እንጂ በጠባችን ላይ አላየናቸውም።

በ2014 በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ነው ነገሩን ወደ ቤቱ የመለሰው። የጻፉት ሦስት ሴቶች ናቸው፦ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ። ድርብወርቅ ሰይፉ የተጫወተቻቸው አሮጊቷ እማ ቸር ሲናገሩ በየስልኩ ተቆርጦ ተላለፈ። ወጣቶች የእማ ቸርን ቃል በፎቶ ላይ ጽፈው ሲላላኩ፣ የክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ምሳሌያዊ አነጋገር አጥኑ ሲባሉ ያዛጉ እንደነበር አስታወስኩ። ምሥጢሩ አሮጊቷ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ ከእርሻና ከእረኝነት ይነሣል፣ የሚናገሩትም ለአንድ የተቸገረ ሰው ነው እንጂ ለሕዝብ ስብከት አይደለም። ባለፈው ዓመት ከእናቷ ጋር የተጣላች ልጅ በሽምግልና «እማ ቸርን ብትሆኚልኝ ምን ነበረበት!» አለቻት። እናት አለቀሰች። ክስም ነበር፣ ልመናም ነበር፣ ልጅቷ በራሷ ቃል ብትሞክረው ግማሹን አትለውም ነበር።

ይህ ስም አወጣጥ ሰው የሚጎዳበት ጊዜም አለ። አንድ ባል ሚስቱን በድራማ ውስጥ ባለች ከሃዲ ሴት ስም እየጠራ፣ ምን እንዳጠፋች ስትጠይቀው «ራስሽ ታውቂዋለሽ» ከማለት በቀር አልመለሰላትም። ስሙ ጥያቄ መክፈቻ መሆኑ ቀርቶ ፍርድ ሆነባት። ሽማግሌዎቹ ያን ስም እንዳይደግመው አስማሉት፤ ደግ አደረጉ።

ለደጉም ለክፉም ይህን ያህል የሚሠራ ቃል ግን ታትሞ መቀመጥ አለበት። የመንግሥቱ ለማንና የጸጋዬን ተውኔቶች ለተማሪዎቼ ያስተማርኩት ታትመው ስላገኘኋቸው ነው። የቴሌቪዥን ድራማ ጽሑፍ ግን በመጽሐፍ መደብር ፈልጌ አላገኘሁም። ቃሉ በሚሊዮኖች አፍ ይዞራል፤ የጻፈው ሰው ስም መጨረሻ ላይ በፍጥነት ያልፋል፤ ጽሑፉ በአንድ ኮምፒውተር ወይም በአንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ደራስያን ሆይ፣ የጣቢያ ኃላፊዎች ሆይ፣ የ«ገመና»ን፣ የ«ሰው ለሰው»ን፣ የ«እረኛዬ»ን ጽሑፍ አሳትሙልን። የ«የቀን ቅኝት»ን 257 ክፍሎች ለቤተ መጻሕፍት ስጡልን። ድሮ በካሴት የቀዳችሁ አንባቢዎችም ካላችሁ፣ ካሴቱ ሳይበላሽ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ውሰዱት።