የራቀ ተማሪ የማን ነው?

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ በሚቀበሉበት ሰሞን የጭሮ መናኸሪያ ይደምቃል። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው፣ ብርድ ልብስና ሻንጣ ተሸክመው ከአውቶቡስ የሚወርዱት ልጆች ከተማዋን ጭሮ ይበሏት አሰበ ተፈሪ ገና አልለየላቸውም። እንደ ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ሁሉ እዚህም የሚጠብቋቸው ነባር ተማሪዎች አሉ፤ አንዱ የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ ሌላው የሙስሊሙ ጀማዓ፣ ሌላው የፕሮቴስታንቱ ፌሎሺፕ። ሻንጣ ይቀበላሉ፣ ከባጃጅ ጋር ይከራከራሉ፣ ዶርም ያሳያሉ፣ ስልክ ይመዘግባሉ። ስለ ሃይማኖት አንድም ቃል ሳይነሣ ልጁን ከወገኑ ጋር የማቆየቱ ሥራ ግማሽ እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ያልቃል።

ወላጅ ልጁ ርቆ ሲሄድ የሚፈራው መጽሐፉን ነው። ተምሮ ይከዳል ይላል። የኋላውን ላየ ግን ተማሪን ከወገኑ የሚያቆራርጠው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን መሆኑ ነው፤ ቀጥሎም ሲመለስ ቦታ ማጣቱ። ይህን በግልጽ የሚያሳይ ታሪክ ደግሞ የእኛው አገር አይሁድ፣ የቤተ እስራኤል ተማሪዎች ታሪክ ነው።

ወደ እነርሱ ከመሄዳችን በፊት ግን ጭሮ ያለችበት ጨርጨር የራቀ ተማሪን ማስተናገድ ከዩኒቨርሲቲው እንዳልተማረ መናገር ተገቢ ነው። በገለምሶና በአካባቢዋ የእስልምና ተማሪው፣ ደረሳው፣ ከሩቅ አገር መጥቶ ሼኹ ዘንድ ያድር ነበር፤ የሚያበላው የአካባቢው ገበሬ ነው። በኋላ ለኦሮምኛ የራሱን ፊደል የቀረጹት ሼኽ በክሪ ሳጳሎ በወጣትነታቸው ጨርጨር መጥተው ሼኽ ዑመር አልዬ በልበሌቲ ዘንድ የተማሩ ደረሳ ነበሩ። በክርስቲያኑ አገር የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይኸው ነው። መንደሩ ለማያውቀው ልጅ ቁራሽ በሰጠ ቁጥር ልጁ የመንደሩ ይሆናል። በጀት የለው፣ ደንብ የለው፣ ግን ለዘመናት ሠርቷል።

አሰበ ተፈሪን የጨርጨር መዲና አድርገው ያቋቋሟት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ርቀው የተማሩ ናቸው። ከዐድዋ በኋላ ገና በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረዋል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አውራጃውን ለሌላው አርአያ እንዲሆን አድርገው ሊያደራጁት ሞክረዋል፤ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። አንድ ነገር ግን ዕድለኛ አድርጓቸዋል፦ የሄዱበት አገር ኦርቶዶክስ ነበር። እሑድ ጠዋት የሚሳለሙት ደጅ አላጡም።

በእርሳቸው ዘመን የነበረው ታምራት አማኑኤል ይህን አላገኘም። ጎንደር አካባቢ የተወለደው ይህ የቤተ እስራኤል ልጅ አሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ዣክ ፋይትሎቪች አገኘው። ፋይትሎቪች ሎድዝ የተወለደ፣ ፓሪስ ላይ የዮሴፍ ሃሌቪ ደቀ መዝሙር የነበረ አይሁዳዊ ምሁር ነው። ታምራትንና ሌላውን ወጣት ጌቴ ይርምያሁን ይዞ ወደ አውሮፓ ተመለሰ። ታምራት ፓሪስ ተማረ፣ ከዚያም ፍሎረንስ የረቢዎች ኮሌጅ ገባ። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ በዚሁ መንገድ ሃያ አምስት ያህል ወጣቶች ወደ ውጭ አገር ተልከዋል። 

የፋይትሎቪች ዓላማ መልካም ነበር፤ ሚሲዮኖች ቤተ እስራኤልን ሳይጨርሷቸው የራሳቸውን መምህራን ማፍራት። አፈጻጸሙ ግን ልጆቹን በታተናቸው። አንዱ ፍራንክፈርት፣ አንዱ ስዊስ፣ አንዱ ኢየሩሳሌም፣ አንዱ ካይሮ። እንጀራ የለም፣ አማርኛ የሚሰማ የለም፣ በዓላቸውን ሲግድን አብሮ የሚጾም የለም። ብርዱና በሽታው ከመካከላቸው በወጡበት ያስቀራቸው አሉ።

በሰላም የተመለሱትንም ሌላ ነገር ጠበቃቸው። ቤተ እስራኤል «አትንኩኝ» የሚሉት ጥብቅ የንጽሕና ሥርዓት ነበራቸው፤ ከባዕድ ጋር የበላና የተነካካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም። ዓመታት ባሕር ማዶ የኖረን ልጅ ምን ያህል ውኃ ያጥበዋል? ከዚህም በላይ ልጆቹ የተማሩት የአውሮፓ ረቢዎችን ሥርዓት ነው። የመንደሩ ቄሶች ደግሞ ኦሪትን በግዕዝ የሚያነቡ፣ መሥዋዕት የሚያውቁ፣ ታልሙድን ያልሰሙ ነበሩ። እናም ሊያስተምር የተመለሰው ልጅ አባቱን ሊያርም የመጣ መሰለ። ይህን ስሕተት በልጆቹ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ የላካቸው ሰው ቄሶቹን በጉዳዩ ውስጥ ባለቤት አላደረጋቸውም።

ታምራት በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት የመራው አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ከጎንደር መንደሮች የሳምንታት መንገድ ርቆ። ሰውየው ምሁር ነበር፤ ንጉሡም አወቁት። ወረራው ሲመጣ ተሰደደ፣ ከነጻነት በኋላ መንግሥትን አገለገለ፣ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ኢየሩሳሌም ላይ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው የወለቃው ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌም፣ በፍራንክፈርት፣ በስዊስና በፓሪስ ተምሮ ለወገኑ መንደሮች ትምህርት ቤት ሲደክም ኖረ። ለእኔ ከሁለቱ ትምህርቱን ይበልጥ ለመንደሩ ያደረሰው ዮና ነው።

ስሕተቱ የታረመው በ1955 እና በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው። በሁለት ዙር 27 ወጣቶች እስራኤል ወደሚገኘው ክፋር ባትያ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ። ልዩነቱ አብረው መሄዳቸው ነው፤ ማታ ማታ በገዛ ቋንቋቸው ይጫወታሉ፣ የአንዱን ናፍቆት ሌላው ያውቀዋል። ከመሄዳቸው በፊትም ሥራቸው ታውቋል፦ ተመልሰው የመንደራቸው መምህር ሊሆኑ። የመንደሮቹን ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ቢያጥራቸውም መምህራኑ ወደ ጎንደር ገጠር ተመልሰው አስተምረዋል።

የሌላው ዓለም አይሁድም ይህን የተማሩት ቀስ ብለው ነው። በ1923 (እ.ኤ.አ.) ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ሂሌል የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ዛሬ በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይሠራል። የሚገርመው፣ እንዲቋቋም ከገፋፉት አንዱ አይሁዳዊ ሳይሆን መጽሐፍ ቅዱስን የሚያስተምር ክርስቲያን ፕሮፌሰር ነው፤ አይሁድ ተማሪዎቹ የገዛ መጽሐፋቸውን አለማወቃቸው አሳዝኖት። ሂሌል ዋና መሣሪያው የዓርብ ማታ ገበታ ነው። የጨርጨር ገበሬ ለደረሳው ካደረገው ብዙ አይርቅም።

በአገራችን ዘመናዊው ጥያቄ የመጣው በ1950 (እ.ኤ.አ.) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ያስተዳደሩት ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው። ከተማሪው መካከል ሃይማኖተ አበው የተባለው የኦርቶዶክስ ማኅበር ተነሣ፤ ቆይቶም ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ከወጣቶች መካከል በቀለ። ሁለቱንም የወለዳቸው የራቀ ልጅ ነው። በደርግ ጊዜ ዝዋይ ላይ አቡነ ጎርጎርዮስ ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ብላቴ ሲገቡ፣ በድንኳኑ መካከል አብረው የጸለዩት ልጆች በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ለተባለው ማኅበር መሠረት ሆኑ፤ የዛሬው ግቢ ጉባኤ የዚያ ልጅ ነው።

በዘመቻ ሙሴና በ1991 (እ.ኤ.አ.) በዘመቻ ሰሎሞን ቤተ እስራኤል በብዛት እስራኤል ሲገቡ ብዙ ታዳጊዎች በአዳሪ ትምህርት ቤት ተቀመጡ። የዕብራይስጡን ጸሎት አወቁ፤ የአባቶቻቸው ቄሶች ግን በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ዘንድ ሙሉ ሥልጣን አልነበራቸውም። የፋይትሎቪች ልጆች ችግር በብዙ ሺህ ተባዝቶ ተመለሰ። ሲግድ በ2008 (እ.ኤ.አ.) በእስራኤል ፓርላማ፣ በክኔሴት፣ የመንግሥት በዓል ሆኖ መታወጁ፣ በዚያ ያደገው ወጣት ከቄሶቹ ጋር በአደባባይ የሚቆምበት አንድ ቀን ሰጠው።

ወደ ጭሮ እንመለስ። ቀደም ሲል የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረው ቦታ ዛሬ በኢቱ ኦሮሞ የገዳ መቀመጫ ስም ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የዛሬው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ስለለየ ተማሪው ለቅዳሴም ለጁምዓም ወደ ከተማው ይወጣል። ይህ ለእኔ ጉዳት አይመስለኝም፤ እንዲያውም ከአዛውንቱ ጋር የሚያገናኘው ይኸው መንገድ ነው። በካፌው ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ሲቀርብ፣ በረመዳን ሙስሊሞቹ ለሱሑር ሲነሡ፣ የዶርም ጓደኞች የማያውቁትን ጾም ያያሉ። የሚያሳስበኝ ማኅበራቱ ልጁን እንደተቀበሉት ሁሉ ከዶርም ጓደኛው አጥረው እንዳያስቀሩት ነው።

ከዚህም የባሰው ክፍተት ከምረቃ በኋላ ነው። አራት ዓመት ሲዘምር የኖረ ልጅ መምህር ሆኖ ከጭሮ ርቀው ወዳሉት ቦኬ ወይም መቻራ ይመደባል፤ ስልኩ ከግሩፑ ይወጣል፣ የንስሐ አባቱ ጭሮ ይቀራሉ። ከገለምሶ ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ተምሮ እዚያው የተቀጠረው ሙስሊም ልጅም እንዲሁ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ስልክ የሚመዘግቡት ነባር ተማሪዎች፣ ያንኑ መዝገብ በሰኔ ቢገልጡና ተመራቂው ወደሚሄድበት ወረዳ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አንድ ስልክ ቢደውሉ ወጪው የአንድ ካርድ ነው።