አገር አቋራጭ፤ በአራተኛው ሰው የሚወሰነው ሩጫ

በአገራችን ስለ ሩጫ የማያወራ የለም። ማራቶንን ከአበበ ቢቂላ፣ 10 ሺህ ሜትርን ከኃይሌ ገብረ ሥላሴና ከደራርቱ ቱሉ ጋር አያይዘን እናስታውሳለን። ስለ አገር አቋራጭ ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ቀነኒሳ በቀለ ደጋግሞ ማሸነፉን ብቻ ነው። ነጥቡ እንዴት እንደሚደመር፣ ለምን በክለብ እንደሚሮጥ፣ ዳገቱ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ሲጠየቅ ስፖርት አዘውትሮ የሚከታተል ሰው እንኳን ግራ ሲጋባ አያለሁ። እኔ በትምህርቴ የሕግ ሰው ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ሃምሳን የተሻገርኩ የሰፈር ሯጭ ነኝ። የአንድን ውድድር ባሕርይ ለማወቅ ከሁሉ አስቀድሞ ደንቡን ማንበብ ይበጃል የሚል እምነት አለኝ። የአገር አቋራጭን ደንብ ያነበበ ሰው የሚረዳው፣ ይህ ሩጫ ከሌሎቹ ሁሉ በተለየ የማኅበር ሩጫ መሆኑን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምን ዓይነት ሩጫ ነው?

አገር አቋራጭ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ነው። ከፊት የሚሮጡት ልጆች ቁርጥራጭ ወረቀት እየበተኑ ይሸሻሉ፤ ከኋላ ያሉት ወረቀቱን እየተከተሉ በእርሻው፣ በአጥሩና በጭቃው ያሳድዷቸዋል። ጨዋታው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ክለብ የተሻገረው ብዙም ሳይቆይ ነው። «ቴምስ ሄር ኤንድ ሃውንድስ» የተባለው የለንደን ክለብ የተመሠረተው በ1868 ነው። የመጀመሪያው የአገሮች ውድድር በ1903 በስኮትላንድ ተካሄደ። ዛሬ የምናውቀው የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ በ1973 በቤልጂየም ዋረገም ከተማ ተጀመረ።

በኦሊምፒክም ሦስት ጊዜ ተሮጧል፤ በ1912፣ በ1920 እና በ1924። የመጨረሻው በፓሪስ የተካሄደው ነው። በብርቱ ሙቀት ከተነሱት 38 ሯጮች ውስጥ 15ቱ ብቻ ጨረሱ። ፊንላንዳዊው ፓቮ ኑርሚ አሸነፈ፤ ውድድሩ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ኦሊምፒክ አልተመለሰም።

የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ስለ ሜዳው የሚለው ግልጽ ነው። ውድድሩ በተቻለ መጠን ሣር በለበሰ ክፍት መሬት ላይ፣ ከ1,500 እስከ 2,000 ሜትር በሚሆን ዙር ይሮጣል። አዋቂዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣሉ። ዳገትና ቁልቁለት፣ ጭቃና አሸዋ ይፈለጋሉ። ጥልቅ ቦይ፣ ለአደጋ የሚዳርግ ገደልና ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ግን አይፈቀዱም። ሯጮች እንዳይተፋፈጉ የመጀመሪያዎቹ 300 ሜትሮች ጠባብ ቦታ ሊኖርባቸው አይገባም። አዘጋጆች በዚህ ማዕቀፍ ውስጥ ብዙ ይፈጥራሉ። በ2019 በዴንማርክ ኦርሁስ ሯጮቹ በየዙሩ ሣር የለበሰውን የአንድ ሙዚየም ጣሪያ እንዲወጡ ተደርጓል።

ከዚህ በላይ ዳገት ካለው ስሙ ይለወጣል። «የተራራ ሩጫ» የሚባለው ሌላ ዘርፍ ነው። በዚያ በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ50 እስከ 250 ሜትር ከፍታ መውጣት ወይም መውረድ ይኖራል። የተራራ ሩጫ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው። ኡጋንዳዊው ቪክቶር ኪፕላንጋት በ2017 በጣሊያን ፕሬማና ያሸነፈው በዚህ ዘርፍ ነበር፤ በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን ሆኗል። ዳገት ላይ የተሠራ እግር ለአስፋልትም እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምስክር ማቅረብ ያስቸግራል።

ነጥቡ እንዴት ይቆጠራል?

የአገር አቋራጭ ልቡ ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሯጭ የገባበት ደረጃ ነጥቡ ይሆናል። አንደኛ የወጣ 1፣ ሃያኛ የወጣ 20 ነጥብ ያገኛል። በዓለም ሻምፒዮና አንድ ቡድን ስድስት ሰው ያሰልፋል፤ የሚደመረው የመጀመሪያዎቹ አራት ሰዎች ደረጃ ነው። ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። አራት ሰው ያላስጨረሰ ቡድን ውጤት የለውም። ድምሩ እኩል ከሆነ፣ አራተኛው ሰው ቀድሞ የገባለት ቡድን ያሸንፋል።

ከአራተኛው በኋላ የሚገቡት ሁለቱ ለራሳቸው ቡድን ነጥብ አይጨምሩም። ነገር ግን የተቃራኒውን ቡድን ሰው ከቀደሙ ደረጃውን ወደ ኋላ ይገፉታል፤ ስለዚህ የሚሮጡት በከንቱ አይደለም።

በ2015 በቻይና ጉይያንግ የሆነውን እንይ። በወንዶች ኬንያውያኑ ጂኦፍሪ ካምዎሮርና በዳን ካሮኪ ተከታትለው አንደኛና ሁለተኛ ገቡ። ነጥቡ ሲደመር ግን ኢትዮጵያም ኬንያም 20፣ 20 ሆኑ። የቡድን ወርቁ የተሰጠው ለኢትዮጵያ ነው፤ የኛ አራተኛ ሰው ከእነሱ አራተኛ ቀድሞ ነበርና። በማግስቱ የዚያን አራተኛ ሰው ስም በቃሉ የሚያውቅ ስንት ሰው ነበር?

እኔ ያየሁት

ይህን ሂሳብ በወረቀት ሳነበው ዓመታት አልፈዋል። በእግሬ የተረዳሁት ግን አዲስ አበባ ውስጥ ከምሮጥበት የሰፈር ቡድን ጋር፣ በሰሜን በኩል ባለው የባሕር ዛፍ ኮረብታ ላይ ከሌሎች ሁለት ቡድኖች ጋር በተወዳደርንበት እሑድ ነው። ባንክ የሚሠራ፣ መምህር፣ ነርስ፣ መሐንዲስ፣ ጡረተኛ የተሰባሰብንበት ውድድር ነው። ከየቡድኑ ስድስት፣ በድምሩ 18 ሰው ተነሳን። 15 ጨረስን።

ዳገቱ ላይ ወጣቶቹ ባሕር ዛፉን ዙሪያውን እየተጠማዘዙ ሲወጡ፣ እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የወጣሁበት ቦታ ነበር። ቁልቁለቱ ደግሞ ለጉልበት ከዳገቱ ይከፋል። ሁለተኛው ዙር ላይ ከኋላዬ አንዱ «ጋሼ፣ በርታ! አራተኛ ሰዋችን አንተ ነህ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ቆሞ መተንፈስ የሚባል ነገር የለም።

ውጤቱ እንዲህ ሆነ። አንደኛው ቡድን 1ኛ፣ 3ኛ እና 5ኛ ወጣ፤ ሦስቱ ሰዎቹ ግን አቋርጠው ነበርና ነጥብ አልነበረውም። የኛ ቡድን 2ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛ ገባ፤ እኔ 13ኛ። ድምሩ 30። ሦስተኛው ቡድን 4ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ እና 10ኛ ገብቶ በ29 ነጥብ አሸነፈ። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች አንዱም የእነሱ አልነበረም። ከእኔ ፊት 11ኛና 12ኛ የገቡት ሁለቱም የዚሁ ቡድን አምስተኛና ስድስተኛ ሰዎች ናቸው። ለራሳቸው ምንም ሳይጨምሩ እኔን ከ11 ወደ 13 ገፉኝ፤ ውድድሩንም የወሰዱት እነሱ ናቸው ማለት ይቻላል። የማራቶን ወይም የጎዳና ሩጫ ውስጥ 11ኛ የወጣን ሰው እንዲህ የሚያስፈልግ ቦታ የለም።

ኢትዮጵያና አገር አቋራጭ

አገራችን ወደ ዓለም አገር አቋራጭ የገባችው በ1981 ማድሪድ ላይ ነው። የኛ ልጆች ከፊት ሆነው እየመሩ ሳለ ዙሩ በመቁጠር ስህተት ተምታታባቸው። አንድ ዙር ሲቀር ጨረስን ብለው ፈጥነው ሮጡ። አልጨረሱም ነበር። አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አሸነፈ፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ። ያም ሆኖ የቡድን ወርቁ የኢትዮጵያ ሆነ። አንድ ሰው ቢሳሳት ውድድሩ ያበቃለት ነበር፤ ቡድን ግን ስህተቱን ተሸክሞ ያሸንፋል። በተከታዩ ዓመት መሐመድ ከድር ሮም ላይ፣ በ1983 ደግሞ በቀለ ደበሌ ጌትስሄድ ላይ በግል አሸነፉ። እስከ 1985 ድረስ የወንዶች የቡድን ወርቅ ከኢትዮጵያ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ከ1986 እስከ 2003 ኬንያ በወንዶች ረጅም ርቀት ለ18 ተከታታይ ዓመታት አሸነፈች። ይህን ሰንሰለት ኢትዮጵያ በ2004 ብራሰልስ ላይ ቆረጠችው። ዘመኑ የቀነኒሳ ነበር። ከ2002 እስከ 2006 የአጭሩንም የረጅሙንም ርቀት ወርቅ በየዓመቱ ወስዷል። በ2008 ኤድንብራ ላይ ጫማው ወልቆበት፣ ቆሞ አድርጎ፣ ተነስቶ አሸነፈ። በሴቶች ደራርቱ በ1995፣ በ1997 እና በ2000፤ ጌጤ ዋሚና ጥሩነሽ ዲባባም ደጋግመው ወርቅ አምጥተዋል።

ደንቡ ግን ለማንም አይራራም። በ2023 አውስትራሊያ ባትኸርስት ላይ ለተሰንበት ግደይ መስመሩ ሊደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀር ተቀደመች፤ ወደቀች። ከሰው እርዳታ አግኝታለች ተብሎ ውጤቷ ተሰረዘ። የወደቀን ማንሳት በባህላችን ግዴታ ነው፤ በውድድር ሕግ ግን እርዳታው ሯጯን ይጎዳል።

የክለቡ ነገር

በኢትዮጵያ ክለብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ቀጣሪ መሥሪያ ቤት ማለት ነው። አበበ ቢቂላ የክብር ዘበኛ ነበር። ቀነኒሳ ለሙገር ሲሚንቶ ሮጧል። መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ፌዴራል ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤቶች፣ ኤሌክትሪክ ለሯጩ ደመወዝ፣ አሰልጣኝና የመኝታ ቦታ የሚሰጡ ክለቦች ናቸው። የጃን ሜዳው ዓለም አቀፍ አገር አቋራጭ የእነዚህና የክልሎች ፉክክር መድረክ፣ የብሔራዊ ቡድንም መምረጫ ሆኖ ኖሯል። ማይክል ክሮውሊ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ ሮጦ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ትኩረት የሰጠውም ለዚሁ ነው፤ የኛ ሯጮች ብቻቸውን መሮጥን እንደ ልምምድ እምብዛም አይቆጥሩትም።

እንግዲህ ኩልመስክን እናንሳ። ከብዙ ዓመታት በፊት በሥራ ጉዳይ ወደ ላሊበላ ስጓዝ በዚያ አልፌያለሁ። ልጆች ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ዳገቱን በሩጫ ሲወጡ ይታይ ነበር። ላሊበላ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ከፍታው፣ ዳገቱ፣ በእግር ትምህርት ቤት መሄዱ፣ ሁሉም አለ። የላስታ ስም ግን እንደ በቆጂ የሯጮች መፍለቂያ ተብሎ ሲጠራ አይሰማም።

በቆጂም ደጋ ናት። ነገር ግን ደጋነቷ ብቻ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አላፈራም። ሥንታየሁ እሸቱን የመሰለ ልጆችን ሰብስቦ በየጠዋቱ የሚያሠራ መምህርና፣ ከእሱ እጅ ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ የክለብ መንገድ ነበራት። በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በብሔራዊ ደረጃ ከሚሮጡ የማራቶን አትሌቶቻችን አብዛኞቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ከፍ ያለ ቦታ ሁሉ ሯጭ የሚያበቅል ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

በሕግ ዓይን ክለብ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበርን ሲተረጉም፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ትርፍ ከመከፋፈል ላልሆነ ዓላማ የሚፈጥሩት ስብስብ ነው ይላል። ዕድር የሚያቋቁም ሕዝብ ክለብ ማቋቋም አያቅተውም። ከባዱ ሌላው ነው። ላስታ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ደርሶበታል፤ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭትም ተከትሏል። ልጅ በነፃነት ዳገት ሊሮጥ የሚችለው ወላጅ ያለ ሥጋት ሲልከው ነው። ይህ ከስፖርት መሥሪያ ቤት አቅም በላይ ቢሆንም፣ ስለ ሩጫ ሲወራ ሊዘለል አይገባም።

ከዚያ ውጭ ለጅማሬ የሚበቃው ይህ ነው፤ 1,500 ሜትር የሚዞር የግጦሽ ሜዳ፣ ከሦስት ትምህርት ቤቶች ስድስት ስድስት ልጆች፣ የገቡትን በተርታ የሚመዘግብ አንድ መምህር፣ በመጨረሻው ዙር ደወል የሚመታ አንድ ሰው። ደወሉ የማድሪድ ነገር እንዳይደገም ነው። መዝጋቢው ደግሞ አንደኛ የወጣውን ብቻ ጽፎ ደብተሩን እንዳይዘጋ አደራ። ከሌላው ስም ሁሉ በፊት ሽልማቱን የሚወስነው አራተኛው ልጅ ሊሆን ይችላልና።