ስምን መልአክ፣ ርእስን አሳታሚ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ለሰው ልጅ ይሁን ብለን እንቀበል። ለመጽሐፍ ግን መልአክ አይመጣለትም። የመጽሐፍን ስም ደራሲው ያስባል፤ አሳታሚው ይመዝናል፤ ገበያው ይፈርዳል። ለዚህ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ሁለቱ አገሮች የሚያነቡት በአንድ ቋንቋ ነው። ይሁንና ከለንደን በአንድ ስም የተነሣ መጽሐፍ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሌላ ስም ይዞ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ለመሆኑ ተርጓሚ የማያስፈልገው መጽሐፍ ስለ ምን ስሙ ይለወጣል? (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው፤ በሩቁ እኛንም ይነካል። ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ለንደን ላይ «የአቢሲኒያው ልዑል» የሚል አጭር ልቦለድ አሳተመ። እግሩ የኢትዮጵያን ምድር አልረገጠም፤ ከዚያ በፊት ግን የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። የባለ ታሪኩ ስም ራሴላስም ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የተቀዳ መሆኑ ይነገራል። በ1768 ሮበርት ቤል የተባለ የፊላዴልፊያ አሳታሚ ያንኑ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ አተመና የልዑሉን ስም ወደ ፊት አምጥቶ «የራሴላስ ታሪክ» አለው። ጆንሰን አንድ ቅጂ ከአሜሪካ ሲላክለት በመጽሐፉ መዛመት ደስ መሰኘቱን ጽፎ መለሰ። ዛሬ ዓለም መጽሐፉን የሚያውቀው ራሴላስ ብሎ ነው፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል።

አሜሪካ ነጻ ከወጣች በኋላ በ1790 ያወጣችው የደራሲ መብት ሕግ የሚጠብቀው የራሷን ዜጎችና ነዋሪዎች ብቻ ነበር። የእንግሊዛዊ ደራሲ ሥራ ኒው ዮርክ ወደብ ከደረሰ፣ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ የቀደመ ሁሉ አንሥቶ ያትመዋል። ቻርልስ ዲክንስ በ1842 አሜሪካን ሲጎበኝ ይህን በየግብዣው ቢያነሣ ያተረፈው የጋዜጦችን ቁጣ ነው። ሕጉ የተሻሻለው በ1891 ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን የውጭ አገር መጽሐፍ ጥበቃ የሚያገኘው እዚያው አሜሪካ ውስጥ ፊደሉ ተለቅሞ ከታተመ ነበር። ስለዚህ አንዱ መጽሐፍ ሁለት አሳታሚ፣ ሁለት ማተሚያ ቤትና ሁለት ሽፋን ኖረው። ሁለት ሽፋን ካለ ደግሞ ሁለት ስም እንዳይኖር የሚከለክል አልነበረም።

አንዳንዱ ለውጥ ከመልእክት መዘግየት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። አሜሪካዊው ኸርማን ሜልቪል ታላቁን የባሕር ልቦለዱን በ1851 አስቀድሞ ያሳተመው ለንደን ነው፤ የእንግሊዝን የደራሲ መብት ለማግኘት እዚያ መቅደም ይበጅ ነበርና። ስሙ «ዓሣ ነባሪው» ነበር። ደራሲው በመጨረሻ ሰዓት ሐሳቡን ለውጦ «ሞቢ ዲክ» ይባል አለ። ቃሉ በመርከብ ለንደን እስኪደርስ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። እናም በጥቅምት ለንደን «ዓሣ ነባሪው»ን፣ በኅዳር ኒው ዮርክ «ሞቢ ዲክ»ን አወጡ።

ሌላው ምክንያት የገበያ መጣበብ ነው። ግሬም ግሪን በ1932 «የኢስታንቡል ባቡር» ብሎ ያሳተመው ልቦለድ በዓመቱ አሜሪካ ሲገባ «ኦሪየንት ኤክስፕረስ» ተባለ። በ1934 አጋታ ክሪስቲ «በኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ የተፈጸመ ግድያ»ን ስታመጣ ስሙ አሜሪካ ውስጥ ተይዞ አገኘችው። አሳታሚዋ ሁለቱ መጻሕፍት እንዳይምታቱ «በካሌው ፉርጎ የተፈጸመ ግድያ» አለው። ባቡሩ ያው ባቡር፣ ሟቹም ያው ሟች ነው።

አሳታሚው የአንባቢውን ዕውቀት ሲገምት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የመጀመሪያውን የሃሪ ፖተር መጽሐፏን በ1997 ለንደን ላይ ስታወጣ «የፈላስፋው ድንጋይ» ብላዋለች። ይህ ድንጋይ የደራሲዋ ፈጠራ አይደለም። ተራውን ብረት ወርቅ ያደርጋል፣ ዕድሜም ያስረዝማል እየተባለ የመካከለኛው ዘመን ጠቢባን ሲፈልጉት የኖሩት ነው። በመጽሐፉ የድንጋዩ ባለቤት የሆነው ኒኮላ ፍላሜልም በ1418 ያረፈ የፓሪስ ሰው ነበር። የአሜሪካው አሳታሚ ግን «ፈላስፋ» የሚለው ቃል ሕፃናቱን ያሸሻል ብሎ ፈራ። በ1998 መጽሐፉ «የአስማተኛው ድንጋይ» ሆኖ ወጣ። አዲሱን ስም ያቀረበችው ራሷ ደራሲዋ ብትሆንም፣ የመደራደር ዐቅም ቢኖረኝ ኖሮ አልስማማም ነበር ስትል ቆይታ ተጸጽታለች። «አስማተኛ» የሚለው ቃል ሻጭ ነው፤ ግን የዘመናት አፈ ታሪክ ያለውን ድንጋይ ታሪክ የሌለው ጠጠር አደረገው። ልጆቹ እንደሆኑ ከፈላስፋው አልሸሹም ነበር ይሆናል፤ የመጠየቅ ዕድል ግን አልተሰጣቸውም።

አሜሪካኖቹን ብቻ እንዳንወቅስ ሌላውንም እንመልከት። አጋታ ክሪስቲ በ1939 ለንደን ላይ ያሳተመችው አንዱ ልቦለድ ከሕፃናት መዝሙር የተወሰደ፣ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ስድብ ያለበት ርእስ ነበረው። የአሜሪካው አሳታሚ በ1940 ያንን ስድብ ከሽፋኑ አስወገደና በመዝሙሩ የመጨረሻ ቃላት «ከዚያም አንድም አልቀረም» አለው። እንግሊዝ ግን ስድቡን እስከ 1980ዎቹ ድረስ በሽፋን ላይ ስታትም ኖረች። የፈረንሳይኛው ትርጉም የተለወጠማ በ2020 ነው። እዚህ ላይ ስሙን የለወጠው አሳታሚ መጽሐፉን አልጎዳም፤ የዳነው መጽሐፉ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው የፕሪሞ ሌቪ ጉዳይ ነው። ይህ ጣሊያናዊ ኬሚስት ከአውሽቪትዝ የሞት ካምፕ ተርፎ በ1947 ያየውን ጻፈ። ርእሱ «ይህ ሰው ከሆነ» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ የሚጨርሰው አንባቢው ነው። ሰውን ቁጥር ነቅሰው፣ አስርበው፣ ስሙን ቀምተው ሲያበቁ የቀረው ፍጡር ሰው ነውን? ያን ያደረገውስ? በ1959 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ይኸው ስም ተጠብቆለት ነበር፤ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ በዚያው ያነቡታል። በ1961 ግን አሜሪካ ውስጥ በርካሽ ሽፋን ሲታተም «በአውሽቪትዝ መትረፍ» ተባለ። ጥያቄው ጠፍቶ መልስ በቦታው ተተካ። አዲሱ ስም ተስፋና ድል ይሰማበታል፤ ደራሲው ግን በመትረፉ የኮራበት አንድም ገጽ የለም። ከካምፑ ወደ አገሩ የተመለሰበትን ጉዞ የተረከበት ሁለተኛው መጽሐፉም «ፋታ» መባሉ ቀርቶ አሜሪካ ውስጥ «ዳግም መንቃት» ተብሏል። ፋታ የሚሰጠው በሁለት መከራ መካከል ነው፤ መጽሐፉም የሚዘጋው ካምፑ ተመልሶ በሚመጣበት ሕልም ነው። በ2015 የደራሲው ሥራዎች በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ባንድነት ሲታተሙ ሁለቱም የጥንት ስማቸው ተመለሰላቸው። ሌቪ ካረፈ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

ዛሬ ይህ ልማድ እየቀነሰ መጥቷል። መጽሐፍ በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው የለንደኑንም የኒው ዮርኩንም እትም እኩል ያያል፤ ሁለት ስም ሲያይ ሁለት መጽሐፍ መስሎት ይገዛና ይናደዳል። ከሰባቱ የሃሪ ፖተር መጻሕፍትም ስሙ የተለወጠው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ አራተኛው በ2000 በሁለቱም አገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ስም ወጣ።

ጽሑፋችንን የምንዘጋው ወደ አገራችን በሚያደርሰን መጽሐፍ ነው። ኢቭሊን ዋው የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በ1930 የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ለለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ሊዘግብ አዲስ አበባ መጣ። ያየውን፣ ከዚያም በኤደን፣ በኬንያና በኮንጎ ያደረገውን ጉዞ በ1931 «የሩቅ አገር ሰዎች» ብሎ አሳተመ። በ1932 ይኸው መጽሐፍ ኒው ዮርክ ላይ «ገና እየጨፈሩ ነበር» በሚል ስም ወጣ። ሽፋኑን ብቻ ያየ አሜሪካዊ፣ የሚጨፍሩት አፍሪካውያኑ ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን እነዚያ ቃላት የመጽሐፉ መክፈቻ ናቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ መርከቡ ጂቡቲ ወደብ ሲገባ ገና እየጨፈሩ የነበሩት የመርከቡ ተሳፋሪዎች ነበሩ።

እንግዲህ የለንደኑ አሳታሚ የለንደንን አንባቢ አሰበ፤ የኒው ዮርኩም የራሱን። መጽሐፉ ስለ አዲስ አበባ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ አንባቢ ግን ከሁለቱም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ከዚህ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ግን «የሩቅ አገር ሰዎች» የሚለው ስም የሚስማማው ለተጓዡና ለአሳታሚዎቹ ነው።